የዕዳ ዓምድ

ከቅዳሜ ገበያ ዝቅ ብሎ ካለው፣
ቆርቆሮው ከዛገ፣ በሩ ከሚጮኸው፣
ከሰሊጥ መጋዘን፣ ከጆንያ መሀል፣
ስምንት ዓመት ቁጥር በእጄ ተጽፏል።

ትርንጎ ፈረደን አራዳ ያውቃታል፤
«ባምስት ብር ከጫኝ ጋር ትውላለች» ይላታል።
እውነት ነው። አይቻለሁ።
ኩንታሉ ላይ ቆማ፣ ነጠላ አጣፍታ፣
ሰሊጡን ባውራ ጣት ከመዳፏ አሽታ፣
«አፈር አለው» ብላ ደላላውን ረትታ፣
ሁለት ብር ለማስቀነስ ከጠዋት እስከ ማታ።

ግን በመዝገቧ ውስጥ፣ ከገጹ በስተግራ፣
አንድ መስመር አለ ስሙ የማይጠራ።
በወር መባቻ ላይ፣ ኪራይ ሳይከፈል፣
የባንኩ ወለድ እንኳ ገና ሳይነጠል፣
«ቅድሚያ ለዚያኛው» ትላለች ጠቁማ፤
እኔም እጽፋለሁ፣ አንድ ቃል ሳልሰማ።

ገንዘቡ የሚሄደው ከጎንደር ሆስፒታል ጀርባ
ወዳለች አንዲት ግቢ፣ ከአስፋልቱ ገባ።
ሠላሳ ሁለት ፍራሽ፣ አንድ ትልቅ ድስት፣
ሳሙና፣ የውኃ በርሜል፣ መብራት ለሌሊት።
ከጃናሞራ፣ ከቋራ ታማሚ ይዞ የመጣ፣
ኮሪደር ላይ የሚያድር፣ ዘመድ ቤት ያጣ፣
እዚያ ጎኑን ያሳርፋል። ማንም ስሙን አይጽፍም፤
የሰጪዋም ስም ግድግዳው ላይ የለም።

እሑድ እሑድ ማታ ራሷ ትቆጥራለች፤
አንድ ብርድ ልብስ ሲጎድል «ሌቦች!» ትላለች፣
ሰኞ ጠዋት ደግሞ ሁለት ይዛ ትመጣለች።

ታዲያ መንገድ ተዘግቶ ያ ዓመት ሲመጣ፣
አይሱዙው ከነሸራው ፀሐይ ላይ ሲሰጣ፣
ሰሊጥ በየማሳው ሳይታጨድ ሲረግፍ፣
ባንኩ በደብዳቤ ላይ ደብዳቤ ሲጽፍ፣
እርሳሴን ቀርጬ ገባሁ፤ ቆምሁ ከፊቷ፤
መነጽሯ በክር ተንጠልጥሏል ካንገቷ።

«ይህን መስመር» አልኋት «ለጊዜው እንሰርዘው፤
ስጦታ ነው እኮ፣ ሲደላን እንቀጥለው።»

ቀና አለች። መዝገቡን አዞረችልኝ።
«ከላይ ምን ይላል?»
በእሷ እጅ የተጻፈ፣ ስምንት ዓመት የዘለልሁት ቃል፤
«ዕዳ» ይላል።

«እናቴን ከደባርቅ በጭነት መኪና አመጣኋት፤
አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፣ እኔው ነኝ የደገፍኋት።
መድኃኒት ጻፉልን። አሥራ ሁለት ብር።
በመቀነቷ ውስጥ ሦስት ብር ነበር።
ከሰል ሻጭ ነው መሰል፣ እጁ የጠቆረ፣
ከኋላዬ ቆሞ ወረቀቴን ተበደረ፤
ሄደ። መጣ። ጠርሙሱን እጄ ላይ አኖረ።
"ስምህ ማነው?" ሳልል ዝናቡን ተሻገረ።
ሲሚንቶው ላይ ነጋልኝ፣ ጠርሙሱን አቅፌ።
በዚያች ጠርሙስ እናቴ ሰባት ወር ቆየችልኝ፤
ሰባት ወር ሙሉ "ልጄ" አለችኝ።»

ዝም ብዬ ደመርሁ። ልማድ ነው፣ ምን ላድርገው።
«አሥራ ሁለት ብር ከሆነ፣ ወለዱንም ጨምረን ብናየው፣
ተከፍሏል እኮ፣ ከሺህ እጥፍ በላይ ነው።»

«አንተ ቁጥር ታውቃለህ፣ ያን ሌሊት አታውቅም።
መኪናው ይሸጥ» አለች። «መስመሩ አይሰረዝም።»

ተሸጠ። ለአዘዞ ሰው፣ በወረደ ዋጋ፤
እሷም ዳገቱን በእግሯ፣ ከክረምት እስከ በጋ።
ዛሬም ባምስት ብር ከጫኝ ጋር ትጣላለች።
ዛሬም ብርድ ልብሱን እሑድ ትቆጥራለች።

ሐምሌ ላይ ኦዲተሩ መነጽሩን ጠርጎ፣
ያቺ መስመር ላይ ቆመ አንገቱን አስግጎ፤
«ይህ ዕዳ የማን ነው? አበዳሪው የት አለ?»
ፊርማ ፈለገ፣ ደረሰኝ ፈለገ፣ ገጽ ገለጠ፣ ዘለለ።

በመስኮቱ አየሁ። ወደ ቀሃ ቁልቁል ዝናብ ጀምሯል።
«በዚህ» አልሁት፣ «አንድ ጊዜ አልፏል።»