ምሷ

ጫማ ሰፊ ነኝ እኔ፣ ሌብሪሃ ከተማ፤
ሱቄ ጥጓን ይዛ፣ ከደወሉ ማማ
ጥላ የሚያርፍባት፣ አንድ ክንድ ጨለማ።
አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ለጨፋሪ ጫማ
ምስማር እየቆጠርሁ፣ መዶሻ ሳሰማ፣
ከጣቱ ሥር ሠላሳ፣ ከተረከዙ አርባ፣
እንደ ምስር ፍሬ፣ እየለየሁ ሳስገባ፣
ይኸው አረጀሁ።
ፍላሜንኮውን ግን አንድ ቀን አላየሁ።
እነሱ ሌሊት ነው፤ እኔ እተኛለሁ።
የሐሙሱን ሌሊት፣ ዓርብ እሰማለሁ፤
ከሶሉ አነባለሁ፦
ማን አጥንቱን ሰጠ፣ ማን ጭብጨባ ለመነ፣
ማን መሬቱን ፈራው፣ ማንስ ተማጸነ፣
ሰው ቢቀጥፍ ይቀጥፍ፣ ምስማር ግን ታመነ።

የኡትሬራዋ ልጅ ጣቷን ትጨርሳለች፣
ከዘፈኑ ቀድማ ልትወጣ ትሮጣለች።
ያ ከማድሪድ የመጣው፣ እኩል ነው የሚያልቅለት፣
ግራና ቀኝ እኩል፣ እንደ ሒሳብ ደብተር፤
አዘንሁለት።

አንጉስቲያስ ሌላ ናት። ስሟ «ጭንቆች» ማለት ነው፣
እናቷ ምጥ ሲይዛት፣ ተስላ ያወጣችው።
የሷን ምስማር ደግሞ፣ ባሏ ነው የሚሠራው፤
ባስቲያን አንጥረኛው፣
ጊታር ሳይከተለው፣ መስፍ ላይ ሲያዜመው፣
መዶሻው ሲመልስ፣ እሳቱ ሲያደምጠው።
ያኔ ቀኝ ተረከዟ ነበር የሚበላው፣
እሱ ከቀኟ ሆኖ ሲያንጎራጉር ነው።
ቀበረችው። በዓመቱ፣ ጫማዋን ገልብጬ ባየው
ግራው ነው ያለቀው።
አልጠየቅኋትም፤ ጫማ ሰፊ የነፍስ አባት ነው።
የባስቲያን ምስማር ግን፣ በጆንያ የተወው፣
እስከ ዛሬ አለ፤ ለሷ ብቻ የምመታው።

ሲቆጠር ዜማችን ከአንድ አይነሣም፣
አሥራ ሁለት ይላል፤ ማንም አይረሣም።
ሦስት ላይ ረገጣው፣ ስድስት፣ ስምንት፣ አሥር፣
ካለቀበት ቦታ የሚነሣ ነገር።
ሌሊት ሲጋመስ ነው፣ ውቃቢዋ የሚያድር፣
ጊታሩ ሲደክመው፣ ወይኑ ጥቂት ሲቀር።
ማር ይዘው ቢቀርቡ፣ ምስ ጠፍቶናል ለሷ፣
ምን ማር ይሠራላታል፤ ምስማር እኮ ነው ምሷ።

ዘንድሮ በየካቲት፣ ከዝናቡ ኋላ፣
የልጅ ልጇ ፓስቶራ፣ እንደ ዓሣ ጠቅልላ
ጫማውን በጋዜጣ፣ መጣች ተከልላ።
«ምስማሩን ንቀለው።»
«ለምን?»
«አንሶላ
ተበጣጥሶ አለቀ። እግሯ አብጦ፣ መቆም ትታ፣
ካልተጫማሁት ብላ ትጮሃለች ማታ፤
አልጋው ላይ ትረግጣለች፣ በህልሟ ተነሥታ።»

ጉጠቴን አነሣሁ።
ሰባ ከአንዱ፣ ሰባ ከሌላው ነቀልሁ፤
እያቃሰተ ሲወጣ፣ እየቆጠርሁ
በሰርዲን ቆርቆሮ መቶ አርባ ከተትሁ።
የግራው ተበልቶ፣ ስንዴ አክሏል፤ አየሁ።
ገና በጠራራ ሱቄን ቆለፍሁ።

ለልጅቷ አልሰጠሁም፤ ራሴ ይዤው ሄድሁ።
ከትራሱ ተደግፋ፣ ሶሉን ስትዳብሰው፣
ቀዳዳ በቀዳዳ…
«ጫማ ነበር የላክሁ! ወንፊት አረግኸው።»

ከዚያ የጣቷን አንጓ ከአልጋው ራስጌ ላይ
ቀስ አርጋ አንኳኳች፤ በር እንደሚመታ እንግዳ።
ፓስቶራ መዳፏን አጎድጉዳ፣
ጎረቤት እንዳይነቃ፣ በታፈነ ጭብጨባ
ተከተለቻት ገባ።
እኔስ ምን አለኝ? ከኪሴ የሰርዲን ቆርቆሮ፤
ጸናጽል መስሎ ተንጫጫ፣ የባስቲያን ብረት ታጉሮ።
«ከአንድ አትጀምር!» አለች፤ «ከአሥራ ሁለት፣ ደንቆሮ!
ይህን ሁሉ ዓመት መትተህ!»

አፍሬ፣ እንደገና።

አሥራ ሁለት።
አንድ፣ ሁለት፣
ሦስት…
ከብርድ ልብሱ ሥር፣ ምስማር የሌለው ጫማ
እንደ ድመት ተላወሰ፤ ኮቴው አልተሰማ።
ስድስት… ስምንት… አሥር…

ቀኙ ነበር።