ሁለቱ ድንጋዮች

ነፋስ እንዳይዘጋው በራችንን ይዞ
አንድ ድንጋይ አለ፣ ከባቲ ተጉዞ፤
ጥቁር፣ ጎኑ ለስላሳ፣ እጅ ያሻሸው ገላ፣
የነጋድራስ አረቡ ውርስ፤ የለም ሌላ።
መሬቱን ሹም በላው፣ በቅሎዎቹን ጅብ፣
ዝናውን ገበያው፣ ገንዘቡን ቤተሰብ።

ጫኝ ነበር ሲጀምር። የሰው በቅሎ እየነዳ፣
ከአፋር ሜዳ ጨው ሲያወጣ፣ በሌላ ሰው ዕዳ።
አሞሌውን በጠፍር አስሮ፣ በዘንባባ ጠቅልሎ፣
ሰማይ ሰማይ እያየ፣ ለምኖ፣ ተስሎ፤
አገር ምድሩ ሁሉ ደመና ሲመኝ
እሱ ግን ለፀሐይ ዱዓ የሚያደርግ ጫኝ።

አንድ ክረምት ታዲያ ቦርከና ሞልቶበት፣
ሦስት ቀን ሦስት ሌሊት ዳር ላይ አቁሞት፣
አርባ አሞሌ ጨው
በበቅሎው ሆድ ሥር ሲንጠባጠብ ቀልጦ፣
ጣቱን ነክሮ ቀመሰ፤
«ሀብቴን ጠጣሁት» አለና ሳቀ፣ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲያ ነው እንግዲህ ድንጋይ የለመደው።
ሁለት ነበሩ፣ መንታ፣ ዓይን የማይለየው።
በከባዱ ገዛ የገበሬውን ሰም፣
በቀላሉ ሸጠ፤ ማንም አልጠየቀም።
የወረባቦ ሴት ጥጥ ይዛ ስትመጣ
ከባዱ ከከረጢት ተንደርድሮ ወጣ፤
ያው ጥጥ ለሸማኔ ሲመዘን ከሰዓት
ቀላሉ ተቀምጧል፣ እንደ ሀቀኛ ሰው፣ በትዕግሥት።
ይህን ጠላት አይደለም ለልጆቹ ያወራው፤
ራሱ ነው፣ ሸምግሎ፣ ጫቱን እየበጠሰ፣
ባለቤቱ ዘሃራ «ዝም በል» እያለችው።

ሁለት ፈረስ ሰጥቶ፣ አራት ወር ደጅ ጠንቶ፣
ነጋድራስ ተባለ፤ መጣ ካባ ደርቦ፣ ኮርቶ፣
ቀረጥ ሊሰበስብ፣ ኬላ ሊጠብቅ፣
የገበያ ጠብ ሊዳኝ፣ ሌባ ሊጠይቅ።
በመጀመሪያው ሰኞ፣ ዋርካው ጥላ ገብቶ፣
አዋጅ አስነገረ፣ ነጋሪት አስመትቶ፦
«ከዛሬ ጀምሮ ሚዛን አንድ ይሁን፤
ሁለት ድንጋይ የያዘ ያዘጋጅ ጀርባውን።»
ገበያው ሳቀ።
አንዲት ቅቤ ሻጭ፣ ጦይባ የምትባል፣
«ጅብ በግ ጠባቂ ሆነ፤ በጉስ ምን ይላል?»

ግን ማን እንደሱ ያውቃል የሌባን ሚዛን?
በገመድ ቋጠሮ፣ በጣት ጫፍ፣ በጠብታ ሰም
የሚሰረቀውን ከሩቁ ያያል፤
ቁናውን ገልብጦ ቂጡን ይመታል፤
ድርብ እንደሆነ በድምፁ ይለያል።
የገዛ አማቹን እንኳ፣ የዘሃራን ወንድም፣
በሰው ፊት አስገረፈው። ያ ቤት ከዚያ ወዲያ አልታረቀም።

በዚያው ሌሊት ወረደ፣ ብቻውን፣ ያለ ፋኖስ፣
አንዱን ድንጋይ ወንዝ ጣለው። «የቱን?» ስትለው መልስ
አልሰጣትም።

ከዚያ ክፉ ቀን መጣ። ደስታ ይሉት በሽታ
በሬውን ጨርሶ፣ ሰው ሞፈር የጎተተ ለታ
ጎተራው ሙሉ ነበር። ይህንንም አንደብቅም፦
ሁለት ወር ቆልፎታል። ዋጋው ሲወጣ እያየ አልከፈተም።
ምን እንዳስከፈተው ደግሞ ማንም አልነገረኝ።
ዘሃራ ናት የሚል አለ፤ ሕልም ነው የሚልም አለ፤
እኔስ የጦይባ ሬሳ ነው፣ ደጁ ላይ፣ የሚመስለኝ።

ብቻ አንድ ማለዳ ቁናውን አስወጣ፣
ቁልል አድርጎ ሰፈረ፣ ለሄደ ለመጣ።
ዕዳውን ግን አስጻፈ፣ እያንዳንዱን በስም፤
የሸህ ያሲን ብዕር ቀኑን ሙሉ አላረፈም።
ግማሹ ሳይከፍል ሞተ፤ ግማሹ ዛሬም አልከፈለም።

አዲስ ገዢ ሲመጣ አዲስ ፈረስ መጣ፤
ሌላ ሰው ተሾመ፣ አረቡ ካባውን አጣ።
መዝገቡን አቃጠሉት፣ ወይም እሱ አቃጠለው፤
ምሥክሩ አመድ ነው።
አንዲት በቅሎ ገዛ፣ አንድ ዓይኗ የፈሰሰ፣
በስድሳ ዓመቱ ጨው ሊጭን ቆላ ተመለሰ፣
ሰማይ ሰማይ እያየ።

ባለፈው ሰኞ ድንጋዩን ባቲ ወስጄው ነበር።
ባለሱቁ ልጅ አስቀመጠው፤ በራ ቀይ ቁጥር።
«ልክ ነው ወይ?» አልኩት። ሳቀብኝ፦ «ልክ ከምን?
መንታው ካልተገኘ ምን ይናገራል ብቻውን?»

ተሸክሜው ተመለስኩ።
ከበደኝ፤ ዳገት ስለሆነ ይሆናል።
አሁን በሩን ይዟል፤
ነፋሱ ሲበረታ ትንሽ ይንሸራተታል።