ሁለት ደጋሚዎች

ፉሪ ጫፍ ላይ ቆሟል፣ ቆርቆሮ የለበሰ፣
የሸለቆውን ወሬ ለሜዳ ያደረሰ፤
ስሙ ደጋሚ ነው።
ዘበኛው ጋሽ ቶሌራ ይህን የሰማ ዕለት
አማትቦ፣ ፈንጠር ብሎ ቆመለት፤
«ምንድን ነው የሚደግመው? ዳዊት ነው ድግምት?»
የሰው ድምፅ ነው አልኩት፤
የሰማውን፣ ያኔውኑ፣ ጮክ አድርጎ።
«ታዲያ ከመንደራችን ሰው በምን ተሻለ?»

የረር ላይ ሌላ አለ፣ የልሳነወርቅ ሥራ፣
በአሮጌ የሚኒባስ ባትሪ የሚያወራ።
ያንን የእኛ አይሰማ፣ የእኛን ያ አይሰማ፤
መሃል አቃቂ፣ መሃል የቆዬ ፎቅ፣
መሃል ስንት አፍ፣ ስንት ጆሮ፣ የማይሰማማ።
ሽቦ እንዳንዘረጋ ሽቦ እዚህ አያድርም፤
«በአየር ነው» አለ ልሳነወርቅ፣
«አየር በኪሎ አይሸጥም።»

ከመጋረጃ ዘንግ የሠራሁት አንቴና
አፍንጫውን ወደ የረር አቀና፤
ሐሙስ ሲመሻሽ ተገናኙ።
«ፉሪ፣ ይሰማል?»
«አጥር ለአጥር እንዳለን!»
ሳቅን፤ ወርደን ተኛን።

ሌሊቱን ግን
ፉሪ አውርቶ ሲያበቃ ጅራቱ ሽው ይላል፤
የረር ሰው መስሎት ብድግ ይላል፣ ይደግማል፤
የሱም ጅራት ሽው፤
ፉሪ ሰው መስሎት—
አቤት?
አቤት?
አቤት?
ጠሪ የሌለው አቤት ሲቀባበሉ ነጋ።

«ያንተ ደጋሚ» አለ ጋሽ ቶሌራ ደውሎ፣
«ሲያጉተመትም አደረ፤
ደብተራ እንኳ መሃል ላይ ይተነፍሳል።»
ስደርስ ሳጥኑ እንደ ወባ ግንባር ይፋጃል፣
ባትሪው ደርቋል።
እኔና ወንድሜም በአባታችን ቦታ ነገር
ስድስት ዓመት እንዲህ ነበርን፤
የሱን ጅራት ስመልስ፣ የኔን ጅራት ሲመልስ፣
የመጀመሪያውን ቃል ማን እንደተናገረ ጠፍቶን።

መድኃኒቷ ትንሽ ናት፤
ከድምፅ ሥር የምትሄድ፣ ጆሮ የማይለያት እንጉርጉሮ።
ሰው ሲጫን ትነሣለች፣ ሰው ሲለቅ ቀድማ ትወድቃለች፣
ጅራቱ ብቻውን ይቀራል፤
እሷን ላልያዘ የረር በር አይከፍትም።
ሁለት ቀን ከመበየጃ ጋር ታገልን።

ቅዳሜ ማታ መነጋገሪያውን ለጋሽ ቶሌራ ሰጠሁት።
ተጫነው። ቃል ጠፋው።
እንጉርጉሮዋ ግን ሄዳለች፣ የረር ተከፍቷል፤
እስትንፋሱ አቃቂን ተሻግሮ፣ የቆዬን መብራቶች ተሻግሮ—
ለቀቀው።
ጸጥታ። ጅራቱን የተከተለ የለም።
ከዚያ የልሳነወርቅ ድምፅ፦
«ማነው እዚያ የሚተነፍሰው?»

ጋሽ ቶሌራ ካፖርቱን አስተካከለና
«አቤት» አለ።