ዝምታ በእሪ በከንቱ

እሪ በከንቱ ነው የሰፈሬ ስሙ፤
ኮምፒውተሬም ለምዶ፣ ጩኸት ነው ሕመሙ።
ሥራዬ ፎቅ መሳል፣ ገና ያልተሠራ፣
መስኮቱ የሚያበራ፣ ከደመና ጋራ።
ፀሐይ የት እንደምታርፍ፣ ጥላ የት እንደሚወድቅ፣
ማሽኑ ሲያሰላልኝ፣ ሲለፋ ሲጨነቅ፣
ሙቀቱ ሰማንያ፣ ዘጠና ሲጠጋ፣
አራቱ ማራገቢያ ባንድነት ሲነሡ፣ ግድግዳው ሲናጋ።

ክፍሏ አንዲት ናት፣ በመጋረጃ የተከፈለች፤
ከወዲያ በኩል ስመኝ፣ እኅቴ፣ ተኝታለች።
ሌሊቱን ጽኑ ሕሙማን ዘንድ ቆማ ታነጋለች፤
ጧት ጫማዋን አውልቃ፣
ትራሱን ከሥር ሳይሆን ከጆሮዋ ላይ ታደርጋለች።
አንድ ቀን ትራሱ ወደቀ።
አየኋት፦ ዓይኗ ተገልጧል። ቁጣ የለ፣ እንባ የለ፤
የጣራውን ሚስማር ትቆጥራለች።
ያን ቀን ነው የማልኩት።

ራዲያተሩ ከዱባይ፣ በበረራ አስተናጋጅ ሻንጣ፣
ከሽቶና ከልጅ ጫማ መሐል ተጠቅልሎ መጣ።
ፓምፑ ያንድ ሳሙና ያህል፣ ቱቦው ብርጭቆ የመሰለ፣
ሁሉም ከሣጥኑ ሆድ ገብቶ፣ እንደ አንጀት ተጠቀለለ።

ውሃው ነው የቸገረ።
የኛ ቧንቧ ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው የሚያስነጥሰው፤
መጀመሪያ አየር፣ ቀጥሎ ዝገት፣ ውሃው ማታ ነው የሚደርሰው።
ከጎሚስታው ሁለት ሊትር የባትሪ ውሃ ገዝቼ ስመለስ፣
ጋሽ ሽብሩ ከበራፉ አየኝ፣ ጢሙን ሲዳብስ።
«እኛ ሐሙስን እንጠብቅ፣ ያንተ ቆርቆሮ የተጣራ ይጠጣ?
ደግሞስ ውሃና ኤሌክትሪክ፣ ማን አስታረቃቸው? እንዳያመጡብህ ጣጣ።»

ግን ገባ። መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ።
ከየመጋጠሚያው ሥር ሶፍት አንጥፈን፣
ፓምፑን ብቻ አስነሥተን፣ ሌሊቱ ነጎደ።
ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከሦስተኛው መጋጠሚያ፣
አንዲት ጠብታ፣ የጤፍ ፍሬ የምታህል፣
ሶፍቱ ላይ አረፈች።
ሰፋች።
እጄ ወደ መፍቻው ሮጠ፤ ላጠብቅ።
«ተው» አለኝ፣
ሠላሳ ዓመት የከተማውን ውሃ ከመሬት ሥር ያዳመጠው ሰው፣
«ውሃ ጉልበት አይፈራም። ልክ ነው የሚፈራው።
ፍታው። ቀለበቷ ታጥፋብሃለች።»
ፈታሁ። ታጥፋ ነበር።
ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል ነው የሰማሁት፤
የኔው ሳያስቅ፣ ሳይወስድ፣ እየዞረ ነጋ፣ ሲዞር አየሁት።

ጧት ስመኝ ገባች። ጫማ፣ ትራስ፣ ድካም፣ እንደ ሁልጊዜው።
እኔም አርባ ወለል ፎቄን ጫንኩበት፣ በቀትር ፀሐይ ጊዜው።
ማሽኑ ለፋ።
አልጮኸም።
ከውጭ ረዳቱ «መገናኛ! መገናኛ!» ይላል፣
ብረታ ብረት ቤቱ ይቀጠቅጣል፤
ሙቀቱ ሃምሳ ሁለት ላይ ቆሞ፣
ውሃው ከሣጥኑ ሆድ ይመላለሳል።
ኮራሁ። ወደ መጋረጃው ዞሬ ፈገግ ልል ስል፣
ተገለጠ።
ስመኝ። ባዶ እግሯን። ዓይኗ ፈጦ።
«መብራት ሄደ?»
«አልሄደም።»
«ታዲያ ለምን ዝም አለ?»

በነሱ ክፍል ማሽን ዝም ካለ፣
ቀሪው አይነገርም፤ ይሮጣል።
ሁለት ወር ሙሉ ዝምታ ስሠራላት፣
ይኼን አንድ ነገር እንዴት ልጠይቃት ሳትኩ?

ተንበረከከች።
ሁለት ጣቷን፣ ከሰው እጅ አንጓ ላይ እንደምታሳርፍ፣
ከቱቦው ላይ አሳረፈች።
ግድግዳው ሰዓት ላይ አፍጥጣ፣ በከንፈሯ ቆጠረች።
«ይመታል» አለች።
ከዚያ ትራሷን ይዛ መጣች፣
ከወንበሬ ሥር፣
ጀርባዋን ለሣጥኑ ሰጥታ ተኛች።