ሳሉ የእኔ ነው

ሐሙስ ማታ፣ አቶቴ፣
የመጨረሻው ሚኒባስ ታጥቦ ከላቫጆው ሲወጣ፣
ሲሚንቶው ገና እንደራሰ፣ አረፋውን ቦዩ ሳይጠጣ፣
ሌዳሞ ድራሙን በጋሪ ጭኖ መጣ።
ፈረሱም መንገዱን ለምዷል፤
በሩ ላይ ሲደርስ ማንም ሳያዘው ይቆማል።

«ሦስተኛ ፈረቃ» ይባላሉ፤
አራት ናቸው፤ ሁለቱ ኢንዱስትሪ ፓርክ ይውላሉ።
አልታዬ ቀኑን ሙሉ የሸሚዝ ኮሌታ ይሰፋል፣
ማታ በቤዙ አራት ክር የሌሊቱን ጠርዝ ይዘመዝማል።
ሽታዬ ቁልፍ ትተክላለች፤
ስትዘፍን ግን የሰው ደረት ቁልፍ በቁልፍ ትፈታለች።
ዳንጊሶ ጊታሩን ለአንድ ሰርግ ብሎ ተውሶ፣
ሙሽሮቹ ሁለት ወለዱ፤ ጊታሩ ግን መች ተመልሶ!

እኔ ምንም አልጫወትም። እጄ ለጭብጨባ እንኳ ሰነፍ ናት።
ግን ደብተር አለኝ፤ ቀኑን፣ ዘፈኑን፣ የሰዉን ብዛት
እጽፍበታለሁ፤ ለማን እንደሆነ እንጃ።
«ጥር ሰባት፤ ዘጠኝ ሰው፤ ሁለቱ መኪና ሊያሳጥቡ መጥተው የቀሩ።
ጥር አሥራ አራት፤ አሥራ አንድ ሰውና አንድ ውሻ፤
የጊታር ክር ተበጥሶ በአምስቱ ጨረሱ፤ ጎበዞች ነበሩ።
የካቲት አምስት፤ ዝናብ፤ ሰባት ሰው፤
አዲሷን ሁለቴ አስደገምናቸው።»

አንድ ሐሙስ መብራት ጠፋ።
ማይኩ ሞተ፣ ቤዙ ሞተ፤ ግቢው ሁሉ ጨለማ፤
ሽታዬ ከውኃ ታንከሩ አጠገብ ቀረች ቆማ።
ሌዳሞ የተደፋ ባልዲ በጉልበቱ መሐል ይዞ
ቀስ እያለ መታው፣ የደከመው መንገደኛ እንደሚመጣ ተጉዞ።
እሷም ያለ ማይክ ጀመረች።
ያን ጊዜ ነው ጉሮሮዬን የሆነ ነገር የቧጠጠው፤
የሳሙናው ሽታ ይሁን የሐይቁ ብርድ አልለየሁም፤
በክርኔ አፈንኩት፣ ዋጥኩት፣ ለመንኩት፤ አልሆነም።
ሁለት ጊዜ ሳልኩ።
ማንም ዞር አላለም።
አንድ ልጅ ስልኩን ጀሪካን ላይ አስደግፎ ይቀዳ ነበር፤ ልብ አላልኩም።

ግንቦት ላይ አዲሱ ሥራቸው ወጣ።
ወጣ ሲባል፣ ፖስተር የለ፣ ለምርቃት የተጠራ እንግዳ አልመጣ፤
መናኸሪያ ጀርባ፣ ስልክ ጠጋኙ ሃንዲሶ ዘንድ ትሄዳለህ፣
«የሦስተኛ ፈረቃን» ስትለው ፍላሽህን ተቀብሎ ይጭንልሃል፤
አምስት ዘፈን በሃምሳ ብር፤ ሽፋኑን ዳንጊሶ በእስኪርቢቶ ሥሎታል።
እኔ ሱቁ ሳይከፈት፣
ሳምቡሳዬን በወረቀት ይዤ ቆሜ ነበር ከደጁ ፊት።

አራተኛዋ ያቺ የጨለማዋ ናት።
ስቱዲዮ ገብተው ነበር፣ ሁለት ቀን ለፍተውባት፤
«በጨለማ ያገኘናትን» አለኝ ሌዳሞ፣ «በመብራት ፈልገን አጣናት።»
ስለዚህ እንዳለች ተዉዋት፤
ከነባልዲዋ፣ ከነቱቦው ጠብታ፣ ከሩቅ ከሚያልፍ ባጃጅ ጋር፤
ልክ ሽታዬ ትንፋሽ ስትስብ፣ በዚያች ባዶ ስንዝር፣
እህ! እህ!

አንገቴን ደፋሁ።
ስንት ሐሙስ ጆሮ ነኝ ብዬ የሄድኩ ሰው
ሳል ሆኜ ተገኘሁ።
ለሌዳሞ ይቅርታ ልል ሄጄ፣ ድፍረት አጥቼ
ስለ ክረምቱ አውርተን ተለያየን።

ትናንት ከፒያሳ ወደ አሞራ ገደል ባጃጅ ያዝኩ።
ሾፌሩን አላውቀውም፤ ጢም ያላበቀለ ለጋ፤
ባልዲው ሲመታ ሰማሁ፤ ድምፁን ከፍ አደረገ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ተጠጋ።
«ቆይ ቆይ» አለኝ፣ አንድ ጣቱን አንስቶ፣
«እዚህ ጋ አንድ ሰውዬ ያስላል፤
ከሱ በኋላ ነው የምታምረው።»
እሱም አብሮ ሳለ፤
ሁለት ጊዜ፤ በልኩ፤ ምቷን ሳይስት።

ምን ልበለው?
ዓሣ ገበያው በር ላይ ወረድኩ። መልሱን ተወው አልኩት።
ውኃው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ደብተሬን ገለጥኩት፤
«ቅዳሜ፤ ባጃጅ ውስጥ፤ የሰው ብዛት፦ ሁለት።
አራተኛዋን ተጫወቱ።
ሁለታችንም ሳልን፤ እኔ ዘግይቼ።»