አንድ ለሰማንያ ሰባት

ትንፋሼን ቋጥሬ፣ በወረንጦ ጫፍ፣
እንጉዳይ እተክላለሁ በጥዱ ሥር ደጃፍ።
እግሯ ከመላጫ ብሩሼ የተነቀለ ፀጉር፣
ቆቧ ከኬክ ላይ የወደቀ የፓፒ ፍሬ፣ ጥቁር።
ቁመቷ ሚሊ ሜትር በቅጡ አይሞላ፤
አንዴ ካስነጠሰኝ የሳምንት ጫካዬን ምንጣፉ ሊበላ።

ፈርኑን ከሻይ ከረጢት ወረቀት እቆርጣለሁ፣
ጥርስ ጥርሱን በመርፌ አወጣለሁ፤
ጥዱ የተገመደ ሽቦ፣ ሳሩ የቃጫ ብጣሽ፤
ድንጋይ ላይ ለሚወጣው ሽበትማ
ምን ፍለጋ እሄዳለሁ? የራሴ አለኝ፣
በመቀስ አድቅቄ ቢጫ ነካ አደረግሁት።

ጤዛ ብቻ እምቢ አለኝ።
ውሃ በልክ አይታዘዝም፣ ማነስን አልተማረም፤
እዚህ አገር አንዲት ጠብታ
ሰው የምታሰጥም ኩሬ ናት።

ልጄ ድራሆሚራ ከፕራግ መጥታ፣
ኮቷን ሳታወልቅ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅራ፦
"አባባ፣ ባቡሩ የታለ? ሐዲዱስ?
ሁለት ዓመት ሙሉ እንጉዳይ!
ማን አለና ይሄን የሚያይ?"

እውነቷን ነው።
አርባ ዓመት በባቡር ጣቢያ መብራት ስለውጥ ኖሬ፣
ሙጫ የገዛሁት ሐዲድ ልዘረጋ ነበር ጡረታዬን ቆጥሬ።
ባቡሩ ካርቶኑ ውስጥ ነው። ጣቢያው ጣራ የለውም።
ጫካው ግን አላስወጣኝም።

ጫካው የሹማቫ ነው፤ ወሩ መስከረም፤
ዝናቡ ያባራው ሌሊት ነው።
ከወፍጮው ማዶ ሰባት ጥድ፣ ሦስት ባሉጥ፣
አንዱን ባሉጥ መብረቅ ልጦታል።
እኔ ዘጠኝ ዓመቴ። ሊቦር ስድስት፤
ቅርጫቱ ከወንድሜ ይገዝፋል።
"ይሄስ?" ይለኛል። "ይሄስ? ይሄስ?"
እኔ ሁሉን አዋቂ፣ እጄን ኪሴ ከትቼ፦
"ይበላል።" "ይበላል።" "ጣለው።" "ይበላል።"

ማታ በቅቤና በእንቁላል ተጠበሰ።
እኔ ጥርሴን አሞኝ ሾርባ ጠጣሁ።
እናቴ የልጅ ለቀማ ነው ብላ ለሱ ብቻ ሰጠችው፤
ሁለቴ አስጨመረ።
ሌሊት አስመለሰው። በማግስቱም።
በሦስተኛው ቀን ተነስቶ ሳቀ፣ ኳሱን ጠየቀ፤
እኛም ሳቅን፤
እናቴ አንሶላውን አጥባ ፀሐይ ላይ ሰቀለች።
አንሶላው ሳይደርቅ...

ማንም አልወቀሰኝም።
"ልጅ ነው፣ ምን ያውቃል" አሉ፤
ጎረቤት መጣ፣ ቄሱ መጣ፣ ይህንኑ ብለው ሄዱ።
ወቀሳ እንኳ ቢሆን ሰው ይመልስለታል፤
ለይቅርታ ምን ይመለስለታል?

አሁን አረንጓዴዋን አስራ አንድ ጊዜ በጠበጥኳት።
የወይራ ዘይት ሲቆይ የሚይዘው ዓይነት፣
ጠርዟ ላይ ሲደርስ የሚሳሳ፤
ከሥሯ እንደ ተሰበረ እንቁላል ቅርፊት ነጭ ከረጢት፣
በአጉሊ መነጽር ካልሆነ የማይታይ።
መብረቅ በላጠው ባሉጥ ሥር ተከልኳት።
አንድ ሌሊት ነቅዬ ጣልኳት፤
ንጋት ላይ ጫካው ውሸታም ሆኖ ጠበቀኝ፤
ተንበርክኬ ከምንጣፉ ፈልጌ መለስኳት።
ቅርጫት የያዙትን ሁለት ልጆች ግን
እስካሁን አላጣበቅኋቸውም፤
ክብሪት ሳጥን ውስጥ በጀርባቸው ተኝተዋል።

ድራሆሚራ መነጽሬን አነሳች፣
ጫካውን ከዳር ዳር አሰሰች፤
"አቤት አባባ! ከረጢቷን ሳይቀር?"
ጣቷን ሰነዘረች፤
"ይህቺ አረንጓዴዋስ? ትበላለች?"

"አትበላም!"
ካሰብኩት በላይ ጮኸ ድምፄ፣
ሙጫው ተደፋ፣ "አትበላም! አትንኪያት!"

ደንግጣ እጇን ሰበሰበች።
"አባባ... የፓፒ ፍሬ እኮ ናት።"

አዎ። የፓፒ ፍሬ ናት።
ኮትሽን አውልቂ፣ ተቀመጪ።
ሐዲዱን ነገ እጀምራለሁ።