የሌላ ቀለህ

ከራስ መኮንን ድልድይ ዳገቱን ሲወጡ፣
ሠራተኛ ሰፈር፣ ቆርቆሮ ቀጥቃጮች ተርታ ሲቀመጡ፣
አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች መሃል፤
ሞረድ ሲያፏጭባት፣ ዘይት ሲጤስባት ይውላል።

እኔ ወናፍ ነፊ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፤
ጋሽ ዘውገ ባለሙያው፣ ከሰው ይልቅ ከሞርሳው የሚወዳጅ።

አንድ ቀን ሴትዮ መጡ፤ ሐምሌ ነው፣ ዶፍ ጥሏል፤
በጋቢ ጠቅልለው ያቀፉት ነገር ከሳቸው ይረዝማል።
ፈቱት፤ ጠመንጃ ነው፣ ሰደፉ የነቃ፣
ጥይቱ ካገር የጠፋ፣ ዘመኑ ያበቃ።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከራስጌው ሰቅሎ፣
ማታ ማታ ቃታ ይስብ ነበር ባሌ፣ በባዶው ‹ቀጭ› አስብሎ።
አሁን እሱም ሞተ። ለአርባው አንድ ጊዜ
ይጩህለት እንጂ፣ ዲዳ ሆኖ አይሸኘው በትካዜ።»

ጋሽ ዘውገ ዝም አለ። ከቆርቆሮው ጣሳ
የሌላ ጠመንጃ ቀለህ መርጦ አነሳ።
«የሱ አይደለም፣» አለኝ፣ «አንገቱ ረጅም፣ ትከሻውም ሰፊ፤
ግን ናስ ልብ አለው። ንፋ እንጂ፣ አንተ ነፊ!»

ነፋሁ፤ አንገቱ እስኪመስል የመሸ ሰማይ፤
እግሩን ውኃ ውስጥ ተክለን፣ እሳት እንዳያይ።

የመጀመሪያው ቸኩለን ነበር፤ አንገቱ ተቀደደ፤
ሁለተኛው ትከሻው ላይ እንደ ሽማግሌ ግንባር ተጨማደደ።
ሦስተኛው ገባ።
ገባ ማለት፣ ለጥቂት።
«የቀረውን እኔ አልሠራውም፤ ይማረዋል በእሳት።
ሲተኮስ ያብጥና፣ ግድግዳውን ነክቶ፣
የገባበትን ቤት ይመስላል፣ ያኛውን ረስቶ።»

ከአርባው ማግስት ሴትዮዋ ተመለሱ።
መዳፋቸው ላይ ባዶ ቀለህ። አላለቀሱ።
«ጮኸ፣» አሉ፣ «ከማዶ ያሉት ውሾች ሁሉ መለሱ።»

ጋሽ ዘውገ ለካው። አንድ ጊዜ። ደገመ።
«አሁን የሱ ነው፣» አለ፤ ድምፁ ደከመ።

እኔ ግን ገለበጥኩት።
እግሩ ላይ፣ በክብ፣ እሳት ያልነካው ጽሑፍ፦
የቀድሞ ቁጥሩ፣ የቀድሞ አገሩ ፊደል፣ አንዱም ሳይገድፍ።

ደረጀ ያለኝ እሱ ነው፣ ከወላይታ በመጣሁ ሳምንት፤
«አንጁሎ ለደንበኛ ያስቸግራል፣» ብሎ፣ ያለ ክፋት።
ለመድኩት። ፈረምኩበት፣ አገባሁበት፣ ሸበትኩበት።

ብቻ አንዳንድ ቀን፣ በዚያ ቁልቁለት፣ ከታክሲ ሰልፍ መሃል
አንዱ ሌላውን «አንጁሎ!» ብሎ ይጠራል፤
እግሬ ቀድሞኝ ይቆማል።